አስማሚ

ሞላሌ ስንገባ ጉሙ አልለቀቀም፣
የወፍጮው ባለቤት ገና አልዘለቀም፤
ሰው ግን ባናውን ለብሶ ካጥሩ ሥር ያደረ፣
በጎማ የሚሄድ ነጭ ቤት ሲጠብቅ ሰዓት የቆጠረ፣
አንድ እጁ በትር ላይ፣ አንዱ በልጅ ጫንቃ፣
ሌሊቱን «ተራዬ?» እያለ ሲነቃ።

ተጎታቿ ጠባብ ናት፤ አንድ አልጋ አላት፣
የዓይን ሐኪም ማጉያ፣ የጠብታ ማቀዝቀዣ ቤት፤
ጄኔሬተርም ነበራት፣ ጣርማ በር ሞተባት።
እንግዲህ የኔ ሥራ ቀላል ይመስላል፤
ስፒና መሰካት ሕፃንም ይችላል።

ጋሽ ወንድይፍራው መጣ፣ ቅንድቡ ዱቄት፣
አሳየኝ የወፍጮውን ባለቀይ አፍ ሶኬት፤
አምስት ቀዳዳ አለው፤ የኛው ሦስት ጥርስ፤
እንዴት ብሎ ይግባ? እንዴት ይጎራረስ?

ልጁ አጥናፉ ሮጦ አንድ ነገር አመጣ፣
በፕላስተር የታሰረ፣ ሽቦው እንዳይወጣ፤
«አስማሚ ነው» አለኝ፤ «በያጁ ሲመጣ
ሁሌ በዚህ ነው የምንሰጠው፤ ችግር የለው!»

አስማሚ።
ስሙ ሽማግሌ ይመስላል፣ ያስማማል፤
ግን ሽማግሌም አለ፣ አንዱን ብቻ ይሰማል፣
«ይቅር በሉ» ይላል፣ በደሉን ያዳፍናል፣
እሳቱ ከውስጥ ነው፣ ቆይቶ ይነድዳል።

ሲስተር ምንታምር ሰዓቷን አየች፣
«ሃያ ሰባት ሰው ነው፤ ፀሐይ ወጣች» አለች።
እኔም፣ አልዋሽም፣ ሰካሁት።
አምፖሉ በራ።
ሰው እልል አለ፤ እኔም በሆዴ፣ በቃ፣ ተሠራ!

ተረኛዋ እመት ዘርትሁን፣ እግሯ በጤዛ እንደራሰ፣
እጀታውን ያዘች፤ እጇ ተመለሰ።
«ውይ! ቤታችሁ ቆነጠጠኝ» አለች እየሳቀች።
ሰው ሳቀ።
እኔ አልሳቅሁም።

«አትንኩ!» ብዬ ሮጥሁ፣ ቆጣሪው ዘንድ ማብሪያውን ጣልሁት፣
ያን ባለፕላስተር በቢላ ፈታሁት፤
ሁለት ሽቦ ብቻ! ሦስተኛው ተቆርጦ፣
ቢጫ አረንጓዴው ጥግ ላይ ተሸጉጦ።

አየህ አጥናፉ፣ አልሁት፣ ተቆጥቼም አይደል፣
(ሰካሁ እንጂ እኔም፤ ያው ነው የኔም በደል)
አስማሚ ማለት አፍ ነው፤ አፍ ብቻ ይለውጣል፤
ሆድ አይለውጥም፤ ሽቦ ልኩን ሲያልፍ ይግላል፣ ይቀልጣል።
ለሠላሳ ሁለት አምፔር የተከፈተ በር
ለአሥራ ስድስቱ ገመድ ጎርፍ ነው፣ አትድፈር፤
መሀል ላይ ዘብ ይቁም፣ ቆራጭ፣ የማይምር።
ደግሞም መንዜ ነህ፣ ርስት አይጠፋህም፤
ያለ መሬት የቆመ ጎጆ አያድርም።
መብራትም እንዲያው ነው፦
ሲሳሳት፣ መንገድ ሲስት፣ መሬቱን ይሻል፤
ካጣ በእመት ዘርትሁን እግር ይወርዳል።

የመዳብ ዘንግ ነበረኝ፤ በመዶሻ መታነው፣
ድንጋይ መለሰልን፤ ሌላ ቦታ ሞከርነው፤
በሦስተኛው ገባ፤ ውሃም አጠጣነው።
ካገሩ ሁሉ ፊት ያፈርሁበት ነገር፦
ትክክለኛው አስማሚ ከሣጥኔ ሥር ነበር፤
ሦስት ካርቶን ማንሣት ሰንፌ፣ ጊዜ ለማሳጠር!
ገመዱን እስከ ጫፉ ዘረጋሁ፤ ተጠምጥሞ ይሞቃል፤
መጋጠሚያው በርጩማ ላይ ወጣ፤ ጤዛ ማንን ያምናል?
ለካሁ፤ ሁለት መቶ አሥራ ስምንት።
ከበሩ እስከ መሬቱ፤ ዜሮ።
እንደገና፤ ዜሮ።
ከዚያ ነው «ግቡ» ያልሁ።

ጋሽ ወንድይፍራው ወፍጮውን እስከ ማታ ዘጋ፣
እህል ጭኖ የመጣም ካጥሩ ሥር ተጠጋ፤
ማንም አላጉረመረመም ልል ነበር፤
አንድ ሰው አጉረመረመ፤ እውነቱን ነው፤ ቤቱ ዱቄት አልነበር።

አመሻሽ ላይ እመት ዘርትሁን፣ አንድ ዓይኗ ታሽጎ፣
ስትወጣ፣ እግሯ ደረጃውን በዳበሳ ፈልጎ፣
እጀታው ዘንድ ስትደርስ እጇን መለሰችው፣
በባናዋ ጫፍ ጠቅልላ ያዘችው።
«ታርቋል እኮ» አልኋት።
«ይሁን» አለች፤ «እኔ ግን ገና ነኝ።»